«የተገኘ» ፊልም፦ ዘግይቶ ስለ መታየት

ስለ ፊልም የሚጽፉ ሐያስያን ከሚያዘወትሯቸው ቃላት አንዱ «ግኝት» ነው። የጃፓን ሲኒማ ተገኘ፣ የሕንድ ሲኒማ ተገኘ፣ የአፍሪካ ሲኒማ ተገኘ ይባላል። ማን አገኘው? ከማንስ ጠፍቶ ነበር? የሚለውን ጥያቄ ግን ቃሉ ሸፍኖት ያልፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ አንባቢ አንድ ፊልም የተሠራበትን ዘመን በዓለም አደባባይ ከታየበት ዘመን ለይቶ እንዲመለከት እጋብዛለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለ ፊልሙ ጥራት የሚነግረን ጥቂት ነው፤ በሩን ስለሚጠብቁት ሰዎች የሚነግረን ግን ብዙ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የኢጣሊያዊው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» በ1948 ተሠርቶ፣ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ መጽሔት በ1952 ባካሄደው የመጀመሪያው የሐያስያን ምርጫ አንደኛ ወጣ። ከሥራ እስከ ዘውድ የፈጀበት አራት ዓመት ብቻ ነው። የአኪራ ኩሮሳዋ «ራሾሞን» ደግሞ በ1950 ተሠርቶ በ1951 የቬኒስን የወርቅ አንበሳ ተሸለመ። ይሁን እንጂ ፊልሙ ወደ ቬኒስ እንዲላክ የገፋፋችው ቶኪዮ ትኖር የነበረች ጁሊያና ስትራሚጆሊ የተባለች ኢጣሊያዊት ነበረች። የፊልሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ አመንትቶ ነበር፤ አዘጋጁ ኩሮሳዋም ሥራው ለውድድር መቅረቡን እንኳ አያውቅም ነበር። እንግዲህ «የጃፓን ሲኒማ የተገኘበት ቀን» የሚባለው፣ አንዲት ሴት በምርጫዋ ባትጸና ኖሮ ሌላ ቀን በሆነ ነበር።

ያሱጂሮ ኦዙን ያየን እንደሆነ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። «የቶኪዮ ታሪክ» የተሠራው በ1953 ነው። የኦዙ ሥራዎች ከመጠን በላይ ጃፓናዊ ስለሆኑ የውጭ ሰው አይገባውም የሚል እምነት በገዛ አገሩ የፊልም ነጋዴዎች ዘንድ ሰፍኖ ስለ ነበር፣ ፊልሙ በኒው ዮርክ ሲኒማ ቤት ለሕዝብ የቀረበው በ1972 ነው። ኦዙ ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር።

ለመሆኑ የውጭ ሰው አይገባውም የተባለው ታሪክ ምንድን ነው? ሹኪቺና ቶሚ የተባሉ ሽማግሌና አሮጊት ኦኖሚቺ ከተባለች የባሕር ዳር ከተማ ተነሥተው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይገባሉ። ሐኪሙ ልጃቸው በሽተኛ ይጠራዋል፤ የውበት ሳሎን ያላት ሴት ልጃቸው ጊዜ የላትም። ወላጆቹ ሸክም ሲሆኑባቸው ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ፍል ውኃ ወዳለበት ወደ አታሚ ይሸኟቸዋል። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከተማውን የምታስጎበኛቸው፣ ባሏ በጦርነት የሞተባት ምራታቸው ኖሪኮ ብቻ ናት። ካሜራው ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ያህል ዝቅ ብሎ፣ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር ሳይንቀሳቀስ ይመለከታል።

የኦዙ ታላቅነት በእኔ ግምት ፍርድ ከመስጠት በመቆጠቡ ላይ ነው። ደካማ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ ሥራ የበዛባትን ልጅ በመጨረሻ በጸጸት ያስለቅሳት ነበር። ኦዙ ግን እናቷ በሞተች ማግስት ልብሷን ለማስታወሻ ስትጠይቅ ያሳየናል፤ ከዚያም ታናሽ እኅቷ ስትቆጣ፣ ልጅ ከወላጁ መራቁ የማይቀር መሆኑን የምታስረዳት ያችው ደጓ ኖሪኮ ናት። ወላጆቹን ከአገር ቤት አስመጥቶ፣ በሁለት ፈረቃ ሥራ መካከል በጠባብ አፓርትማ ያስተናገደ ስደተኛ ይህን ፊልም ለመረዳት የጃፓን ሊቅ መሆን አያስፈልገውም።

አስገራሚው ደግሞ የፊልሙ ዘር ነው። ከኦዙ ጋር ጽሑፉን ያዘጋጀው ኮጎ ኖዳ መነሻ ያደረገው አሜሪካዊው ሊዮ ማኬሪ በ1937 የሠራውን፣ ልጆቻቸው ስላለያዩአቸው አረጋውያን ባልና ሚስት የሚናገር ፊልም ነው። ከመጠን በላይ ጃፓናዊ ነው የተባለው ታሪክ ሆሊውድን አያት አድርጎ የተወለደ ነበር! «ይህ ለእነሱ፣ ያ ለእኛ» እያለ የሚከፋፍለው የነጋዴ ሚዛን እንጂ የጥበቡ ባሕርይ አይደለም።

«መልካም ሥራ ቢዘገይም መታየቱ አይቀርም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ2012 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የፊልም አዘጋጆችን ሲጠይቅ «የቶኪዮ ታሪክ» አንደኛ መውጣቱንም በማስረጃነት ሊያቀርብ ይችላል። ክርክሩ ግን የተረፈውን ብቻ ቆጥሮ የጠፋውን ይረሳል። የዚህ ፊልም ዋናው ኔጋቲቭ በእሳት ወድሟል፤ ዛሬ የምናየው ከቀሩት ቅጂዎች የተገኘውን ነው። ከኋላው ታላቅ ኩባንያ ያለው ሥራ እንዲህ ለጥቂት ከዳነ፣ ኩባንያም ቤተ መዛግብትም የሌለው ምን ይሆናል?

ይህ ጥያቄ የእኛንም ቤት ያንኳኳል። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ተወዳድሮ ሳለ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ አላገኘም። አዘጋጁና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ለጥቁር ሕዝብ አሳዩት፤ ሕዝቡም አዳራሹን ሞላው። በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ፣ ብዙ ወጣት ተመልካች አዲስ ያገኘው መሰለው። ፊልሙ ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ 28 ዓመት ሙሉ ባለቤትም ተመልካችም ነበረው።

ስለዚህ አንድ የውጭ ፊልም «ተገኘ» ሲባል ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባናል፦ በየትኛው በር ገባ? ከመግባቱ በፊት እነማን ያዩት ነበር? አብሮት የተሠራው፣ ግን በሩ ያልተከፈተለት የትኛው ነው? ከመጠየቅም አልፎ ተግባር አለ። የወገኖቻችን ፊልም በወጣበት ዓመት በአማርኛ ሒስ ይጻፍበት፤ በምስሉ ግርጌ የሚነበበው ትርጉም በጥንቃቄ ይሠራ፤ ቅጂው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። የሌሎችን የምርጫ ዝርዝር እያነበብን የገዛ ፊልማችንን ከሃያ ዓመት በኋላ ከምናደንቅ፣ ዛሬ አይተን ዛሬ ብንከራከርበት ለአዘጋጁም ለእኛም ይበጃል።