ዝም የሚልበትን የማያውቅ ተርጓሚ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ከእኛ ጋር ፊልም ሲያይ አመሸና፣ ሰው ሲበተን ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለምንድን ነው መሀል ላይ ዝም የሚሉት?» አለኝ። ልጁ ራሱ ተርጓሚ ነው፤ ፊልም በአማርኛ እየተረከ ዩቲዩብ ላይ ይጭናል። እነሱ ዘንድ ተርጓሚ ትንፋሽ ከወሰደ ተመልካች ይሸሻል ይባላል። በክፋት አልጠየቀኝም። ነገሩ ግን እኔ ከቢቸና፣ አንድ የሙያ ወንድሜ ደግሞ ከሞጣ ሆነን ስንት ዘመን ስንነታረክበት የኖርነው ስለሆነ በሁለት ቃል መልሼ ልሸኘው አልሆነልኝም።

የሞጣው ሰው ጎበዝ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ማይክራፎኑን ይይዝና የፊልሙን ድምፅ ፈጽሞ ዘግቶ የሁሉንም ቃል ብቻውን ይጫወተዋል፤ የሴቷን በሴት፣ የሽማግሌውን በሽማግሌ ድምፅ። በቪዲዮ ቤት ዘመን፣ የቫንዳምና የህንድ ፊልም ሲታይ፣ እሱን ለመስማት ከግንደወይን ድረስ ሰው ይመጣ ነበር። እኔ ማይክራፎን አልይዝም። አውራ ጣቴ ሪሞቱ ላይ ነው፤ ስናገር ድምፁን ዝቅ፣ ስጨርስ ከፍ አደርጋለሁ። የፊልሙ ድምፅ ከእኔ ሥር ምንጊዜም አለ። ለቫንዳም የእሱ መንገድ ይበልጥ ይሆናል፤ በዚያ አልከራከረውም። ለሀምፍሬይ ቦጋርት ግን አይሆንም። ከዚህ ፍንክች አልልም።

ዛሬ እኛ ዘንድ የቀረው ተመልካች ጥቂት ነው። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሰው የቱርኩን ድራማ በአማርኛ ድምፅ እቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል። ቅዳሜ ማታ ቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰቡት አንድ መምህር፣ በደጀንና በሞጣ መካከል የሚመላለስ ሾፌር፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ መሪጌታና የእነሱ ጓደኞች ናቸው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ከሌላው ሁሉ አብልጠው ይወዳሉ፤ ከጥቁርና ነጩም ቦጋርትን። ፊልሙ አልቆ የሚነሳው ክርክር ከፊልሙ ይረዝማል። ተርጓሚ የሚመዘነውም በዚያ ክርክር ይመስለኛል። ሰው ተነስቶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ከሄደ ተርጓሚው ሁሉን ነግሮ ጨርሶበታል ማለት ነው።

«ዘ ማልቲዝ ፋልከን» እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣ፣ ጆን ሂዩስተን በዳይሬክተርነት የሠራው የመጀመሪያ ፊልም ነው። ቦጋርት ሳም ስፔድ የተባለ የግል መርማሪ ሆኖ ይሠራል። የሚወዳት ሴት የሥራ ባልደረባውን እንደገደለች ይደርስባታል፤ እየወደዳት ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣታል። መጨረሻ ላይ ወደ ሊፍቱ ያስገቧታል። የብረት ፍርግርጉ ይዘጋል፣ የብረቱ ጥላ በሜሪ አስተር ፊት ላይ ይሰመራል፣ ሊፍቱ ይወርዳል። ቪዲዮ ቤት ያደገ ተርጓሚ እዚህ ጋ «ወደ እስር ቤት ወረደች!» ሳይል አያልፍም። ለምን? ፊልሙን ያነሳው አርተር ኤደሰን የእስር ቤቱን ፍርግርግ እፊቷ ላይ አስቀምጦልናል። ዓይን ያለው ሰው በዚያች ቅጽበት ራሱ ይፈርዳል። እኔ ከተናገርኩ ፍርዱን ነጠቅሁት።

ሌላም ምክንያት አለ። ቪዲዮ ቤት ያደገ ልጅ ፊልም ሲጀመር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አክተሩ የቱ ነው?» አክተሩን ካወቀ ይረጋጋል፤ አክተር አይሞትም፣ አክተር አይዋሽም። ቦጋርት ግን ይዋሻል፣ ገንዘብ ይወዳል፣ ከሟች ባልደረባው ሚስት ጋር ይማግጣል፤ ሆኖም ከመሀል አንድ የማይሸጠው ነገር ይወጣል። ተርጓሚው ከመነሻው «ይህ ደጉ ነው» ብሎ ከነገረ ፊልሙ እዚያው አለቀ። ይህን ዓይነት ፊልም ማን ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የምታየው፤ ጥላው የበዛውም በከንቱ አይደለም።

ከሞጣው ወንድሜ ጋር ክፉኛ የተጣላነው በ«ካዛብላንካ» ነው። ያ ፊልም ለእኛ አገር ሰው ከሌላው ዓለም ይልቅ የሚቀርብበት ምክንያት አለው። ሻምበል ሬኖ፣ ክሎድ ሬይንስ የሚጫወተው የፈረንሳይ ፖሊስ አዛዥ፣ ቦጋርት የሚጫወተውን የቡና ቤት ባለቤት ሪክን የኋላ ታሪኩን እያነሳ ይነካካዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 ለኢትዮጵያ ጠመንጃ አሾልከህ አስገብተሃል፣ በማግስቱ ዓመት ስፔን ሄደህ ከመንግሥቱ ወገን ተዋግተሃል ይለዋል። ሪክ ሁለቱንም ጊዜ ዳጎስ ያለ ክፍያ አግኝቼበታለሁ ብሎ ይመልሳል። ሬኖ ደግሞ አሸናፊው ወገን የበለጠ ይከፍልህ ነበር ይለዋል። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

ይህን ቢቸና ላይ መተርጎም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ሙሉ ጠላትን የተናነቀበት አገር ነው። ከተመልካቾቼ መካከል አያቱ አርበኛ ያልነበረ ጥቂት ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ከዚያ ጥቁርና ነጭ ሳጥን ሲወጣ መጀመሪያ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ቤቱ ይናጋል። በመጀመሪያው ማታ ሾፌሩ ብድግ ብሎ «ያ ጠመንጃ ማን እጅ ደረሰ?» አለ። ሪክ የፈጠራ ሰው መሆኑን ያጣው አይደለም፤ ጥያቄው ግን የእውነት ነበር። መምህሩ አሜሪካ በዚያው ዓመት ለሁለቱም ተፋላሚ መሣሪያ እንዳይሸጥ በሕግ መከልከሏን አነሳ፤ ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ ነበረው፣ ክልከላው የጎዳው እኛን ነው። እንግዲህ ሪክ ጠመንጃ ያስገባው የገዛ አገሩን ሕግ ጥሶ ነው ማለት ነው። ልብስ ሰፊው በጅቡቲ ባቡር ገብቶ ይሆናል አለ፤ ሾፌሩ ባቡሩን ማን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል ብሎ ተከራከረው። ይህ ሁሉ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር የወጣ ነው፤ እኔ የጨመርኩት አንዳች የለም።

የሞጣው ሰው እዚያ ቦታ ሲደርስ ፊልሙን ያቆመዋል። ቆሞ ስለ አርበኞቹ ይተርካል፤ በላይን ያነሳል፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንደተሰቀለ ይናገራል፣ ሰውም ያለቅሳል። ጥሩ ተናጋሪ ነው ብያለሁ። ከዚያ ፊልሙን ሲያስቀጥል ግን የሪክን መልስ ይዘላታል። ለኢትዮጵያ የረዳ ሰው «ተከፍሎኛል» ሲል ማሰማቱ አይዋጥለትም። እኔ ደግሞ የፊልሙ ልብ እዚያች መልስ ውስጥ አለ እላለሁ። ሪክ የሠራውን ደግ ነገር በገንዘብ ሸፍኖ የሚደብቅ ሰው ነው። ተርጓሚው ያቺን ከዘለለ፣ ወይም «በትሕትና ነው እንጂ ገንዘብስ አልተቀበለም» ብሎ ከተረጎማት፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሚወዳትን ሴት ከባሏ ጋር አሳፍሮ ሲሸኝ ሰው ምን ይደነቃል? ቀድሞ ተነግሮታል። ስለዚህ እኔ እንደወረደ አስቀምጣታለሁ፤ ጠመንጃውን፣ ስፔንን፣ ክፍያውን፣ የሬኖን መልስ። ድምፄን ከፍም ዝቅም አላደርግም። ከዚያ ሪሞቱን ከፍ አድርጌ ዝም።

ሰው ፊልምን ለአገሩ ሲል ሲያስተካክል የት እንደሚደርስ ጀርመኖቹ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1952 «ካዛብላንካ» ምዕራብ ጀርመን ሲገባ ናዚዎቹን ከፊልሙ ቆርጠው አወጧቸው። ሻለቃ ሽትራሰር ጠፋ፤ እሱን የተጫወተው ኮንራድ ፋይት ራሱ ናዚን ሸሽቶ ከጀርመን የወጣ ሰው ነበር። የተቃውሞው መሪ ላዝሎ በአዲሱ ድምፅ ኖርዌያዊ ሳይንቲስት ሆነ። ይህን ለሞጣው ወንድሜ በስልክ ስነግረው «እነሱ ኃፍረታቸውን ሊደብቁ ነው፤ እኔ ክብራችንን ላጎላ ነው» አለኝ። ልዩነቱ ይገባኛል። ፊልሙ ግን በሁለቱም እጅ ቆስሏል።

ድምፁን ስለመዝጋት ደግሞ «ዳርክ ፓሴጅ»ን ያየ ሰው ከእኔ ጋር አይከራከርም። ቦጋርት ከእስር ቤት ያመለጠ ሰው ነው፤ ፊልሙ ከተጀመረ ረጅም ጊዜ ድረስ ፊቱን አናይም። ካሜራው የእሱ ዓይን ነው፤ እሱ የሚያየውን እናያለን፣ ድምፁን ብቻ እንሰማለን። ሐኪም ፊቱን ለውጦለት ፋሻው ሲፈታ ነው ቦጋርት ብቅ የሚለው። የስቱዲዮው አለቃ ጃክ ዋርነር ይህን ያህል ከፍዬበት ፊቱን ትደብቁብኛላችሁ ብሎ ተበሳጭቷል ይባላል። እንግዲህ እዚያ ፊልም ላይ ድምፁን ዘግተህ የራስህን ድምፅ ስታሰማ ማንን ነው ያሳየኸው? ያ ሻካራ፣ የላይኛው ከንፈር የማይከፈትለት፣ «ስ»ን የሚጎትት ድምፅ የቦጋርት ግማሽ አካል ነው። ቃሉን ያልተረዳ ሰው እንኳ ድካሙን ከድምፁ ይሰማል። አማርኛዬ ከዚያ ድምፅ ጎን መሄድ አለበት እንጂ ሊተካው አይገባም።

«ዘ ቢግ ስሊፕ» ላይ ደግሞ ያልገባኝን ገብቶኛል እንዳልል የጠበቀኝ መሪጌታው ነው። ታሪኩ በጣም የተወሳሰበ ነው፤ የቤቱ ሾፌር ይሞታል፣ ማን እንደገደለው ግን ፊልሙ አይናገርም። ዳይሬክተሩ ሀዋርድ ሆክስና ጸሐፊዎቹ፣ አንዱ ዊሊያም ፎክነር ነው፣ ግራ ገብቷቸው የመጽሐፉን ደራሲ ሬይመንድ ቻንድለርን ቢጠይቁት እሱም አላውቅም አለ። ሞጣ ላይ ሾፌሩን የገደለው ይታወቃል፤ ተርጓሚው ወስኖለታል። እኔ ሳልነግራቸው ሳልፍ ልብስ ሰፊው ተቆጣ፤ «ደበቅከን» አለኝ። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩት መሪጌታ ያን ጊዜ «ተወው፣ እንኳን ደበቀን። ተፈትቶ የተሰጠ ቅኔ ማን ያሰላስለዋል? እኛ የኔታ ዘንድ ቁጭ ብለን ሌሊቱን ስናወጣ ስናወርድ ነበር የምናድረው» አሉት። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ የሾፌሩን ገዳይ በየጊዜው እየለዋወጡ ያመጡልናል፤ ማስረጃቸውም አይናቅም።

ሰው ይህን ሁሉ ከየት ተማርከው ይለኛል። ከፊልም ትምህርት ቤት አይደለም። ከአባቴ ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰማ ሰው ዝምታ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ዲማን፣ የእኛኑ አገር፣ በሬዲዮ ያየሁት በእሱ ድምፅ ነው፤ እሱ ግን ዓረፍተ ነገር ጨርሶ የሚያርፍባት ቦታ ነበረችው። በዚያች ዕረፍት እናቴ ጥጥ መፍተሏን ታቆማለች። ቃሉ ሲነገር እየፈተለች ነው የምትሰማው፤ ሲያርፍ ግን እንዝርቱ ይቆማል።

ባለቤቴ ያረፈችበት ዓመት ከሰው ጋር ማውራት አቅቶኝ ነበር። ሰው ሊያጽናናኝ ይመጣል፣ የምመልሰው ቃል የለኝም። ቅዳሜ ማታ ግን እሄዳለሁ፤ የሌላ ሰው ቃል በአፌ ላይ አለና እናገራለሁ፣ ዝም የምልበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ዝም እላለሁ፣ ምን ሆነህ ነው የሚለኝ የለም። ሁሉም አብሮኝ ወደ ቴሌቪዥኑ መስኮት ያያል። ይህ ሙያ ምን ጠቀመህ ለሚለኝ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ገንዘቡማ ከቡና ዋጋ አያልፍም።

የሞጣው ወንድሜም በዚያው ዓመት በየሳምንቱ ይደውልልኝ ነበር። ስለ ሐዘኔ አንድም ቀን አላነሳም፤ «ካዛብላንካ» ላይ እንዴት እንዳጠፋሁ ነበር የሚነግረኝ። በኋላ መንገዱ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲጠፋም ስልክ በሠራ ቁጥር ክርክሩ አልተቋረጠም።

አሁን የያዝነው «ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ»ን ነው፤ ኒኮላስ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው። ቦጋርት በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ቁጡ የፊልም ጸሐፊ ነው። ሬይ መጀመሪያ የቀረጸው መጨረሻ ላይ ጀግናው የሚወዳትን ሴት አንቆ ሲገድላት ነበር፤ አልወደደውምና ለወጠው። በተለወጠው ስልክ ይደወላል፤ ገዳዩ ሌላ ሰው መሆኑ ታውቋል፣ ቦጋርት ንጹሕ ነው። ግን እሱ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ጉሮሮዋን ይዞ ነበር። ሴትየዋ ስልኩን ተቀብላ፣ ትናንት ቢሆን ለሁለታችንም ብዙ ነገር ነበር፣ ዛሬ ምንም አይደለም ትላለች፤ እሱ ወጥቶ ይሄዳል። የሞጣው ሰው፣ ቦጋርት ደረጃውን ሲወርድ ልቡ ምን እንደሚል እናገራለሁ ብሏል፤ ንግግሩንም በስልክ አሰምቶኛል፣ ያምራል። እኔ የሴትየዋን ቃል ብቻ ብዬ ሪሞቱን ከፍ አደርጋለሁ። ያ ሰው ደረጃውን ሲወርድ ልቡ ምን እንደሚል ሬይ አልነገረንም፣ ቦጋርትም በፊቱ አልነገረንም፤ እኔ ከሁለቱ በላይ የማውቅበት ምክንያት የለም።