ከሰኞ እስከ ሰኞ፦ የባቲና የጨፋ ሸለቆ መጋዘኖች በከተማ ፕላን ፊት

ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። አፋሩ ጨው፣ ግመልና ፍየል ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ የወሎ ደጋ እህል ይወርዳል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ይሸጣል፣ ይገዛል። የጎብኚና የፎቶ አንሺ ዓይን ግመሉ ላይ ያርፋል። ገበያው ተበትኖ ማክሰኞ ሲነጋ ያልተሸጠው እህል የት አደረ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በእንዲህ ያሉ ከተሞች መጋዘን ሲባል ግዙፍ አዳራሽ ማለት አይደለም። አብዛኛው የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው ማከማቻ የሆነ ቤት ነው። ዋጋውን የሚሰጠው ለእህል ተራው ያለው ቅርበት ነው፦ ተሸካሚው ኩንታሉን በትከሻው አድርሶ ለሌላ ጭነት መመለስ ይችላል፤ ነጋዴው በመኸር የገዛውን እስከ ክረምት ያቆያል፤ የሚታወቅ ደንበኛ በዱቤ ይወስዳል። መጋዘኑን ለማሞገስ አይደለም፤ እህል ተደብቆ ዋጋ የሚወደደውም እዚያው ነው። በ1977 ዓ.ም ባቲ የረሃብ ተጎጂዎች መጠለያ በነበረችበት ጊዜ፣ ገንዘብ ለሌለው ሰው የነጋዴ እህል መኖር ምን ይፈይድለት ነበር?

ሕጉ ይህን ቤት የሚያይበት መስኮት የለውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታሪካዊ፣ ሳይንሳዊ ወይም ጥበባዊ ዋጋ ያለውን ነገር ይጠብቃል፤ በአሥር ዓመት አንዴ ቆርቆሮው የሚቀየር ማከማቻ በዚህ ሚዛን ይቀላል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲሠራ ይደነግጋል፤ ፕላኑም መሬቱን ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለኢንዱስትሪ ብሎ ይከፍላል። አንድ ጣሪያ ሥር ሱቅ፣ መጋዘንና መኝታ ላለው ነጋዴ የትኛው ቀለም ይቀባለታል? ፕላኑ ለዓመታት ይታቀዳል፤ ገበያው በሳምንት ይቆጥራል።

ግድግዳን መጠበቅ ብቻውን ሥራን እንደማያቆይ ድሬዳዋ ታሳያለች። በ1895 ዓ.ም የደረሰው ባቡር የወለደው የከዚራ ቀጥ ያለ ጎዳናና አሮጌው ጣቢያ ዛሬም ቆሟል፤ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው አዲስ መስመር ግን ጣቢያውን ከከተማው ውጭ አደረገ። ሕንጻው ቀረ፣ ጭነቱ ሄደ። ባቲም በራሷ መንገድ ይህን ታውቀዋለች፦ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አልፎ ወደ አሰብ የሚያደርሰው መንገድ በ1990 ዓ.ም በተቀሰቀሰው የኢትዮ–ኤርትራ ጦርነት ከወደቡ ተለያየ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። የሰኞው ገበያ ግን አልተበተነም፤ ምክንያቱም በደጋና በቆላ መካከል ባለው ፍላጎት የቆመ ነው።

በ2016 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ፒያሳ ጀምሮ የታየው የኮሪደር ልማት አሁን ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። እንደ ከሚሴ ባለ፣ የአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ሰንጥቆት በሚያልፍ ከተማ፣ የመንገድ ዳር ሱቅና መጋዘን ከሁሉ በፊት ይነካል። ሰፊ የእግረኛ መንገድና የተስተካከለ ፍሳሽ መውረጃ የሚጠላ የለም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ መጋዘኑ «ለውበት» ከገበያው ሲነሳ የት ይሂድ የሚለው መልስ በአብዛኛው «ወደ ዳር» ነው። በከሚሴ አካባቢ ዳሩ ደግሞ ባዶ አይደለም። የቦርከና ወንዝ የሚያርሰው የጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነው፤ ያ ግጦሽ ሲጠብ ለገበያ የሚቀርበው ከብት አብሮ ይቀንሳል።

ስለዚህ ፕላን አዘጋጁ ከመሬት አጠቃቀም ካርታው በፊት ሌላ ካርታ ያስፈልገዋል፤ በገበያ ቀን የሚሠራ። መኪናው የት ያራግፋል፣ ተሸካሚው እስከየት ይራመዳል፣ ግመሉ የት ይታሰራል፣ ያልተሸጠው ጆንያ ሲመሽ የማን በር ያንኳኳል። መፍረስ ያለበት ቤት ካለም፣ በምትኩ የሚሠራው ሕንጻ ምድር ቤቱ ለእህል ማከማቻ እንዲውልና የኪራዩ ቅድሚያ ለነባሩ ነጋዴ እንዲሆን በአካባቢ ልማት ፕላኑ መጻፍ ይቻላል።