«ዳግም ግንባታ» እና «ቤዛነት»፦ ስለ አንድ ፊልም፣ ስለ አንድ መጽሐፍና ስለ ጥቂት ቃላት

የአሜሪካን ታሪክ ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚቸገረው በጦርነቶቹ ስም አይደለም። ከ1861 እስከ 1865 የተደረገው ጦርነት (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «የእርስ በርስ ጦርነት» ቢባል ቃሉም ነገሩም አንባቢው ዘንድ አለ። ጭንቁ የሚመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። እስከ 1877 የተቆጠሩትን ዐሥራ ሁለት ዓመታት አሜሪካውያን «ሪኮንስትራክሽን» ይሏቸዋል። «መልሶ ማቋቋም» ብንለው የተራበና የተፈናቀለ ሕዝብ በዓይናችን ይመጣል፤ «ተሐድሶ» ብንለው የመንፈስ መታደስ ይመስላል፤ «ዳግም ግንባታ» ብንለው የፈረሰ ቤት እንደ ነበረ ሆኖ ይሠራል ማለት ይሆናል። ታዲያ የፈረሰው ምን ነበር? ሊገነባ የታሰበውስ የቀድሞው ቤት ነው ወይስ ሌላ? የቃሉ ባለቤቶች ራሳቸው በዚህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሟገቱ ስለ ኖሩ፣ ተርጓሚው ሳያውቀው በአንደኛው ወገን ተሰልፎ ሊገኝ ይችላል።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ፤ በ1868 የዜግነት መብት፣ በ1870 ደግሞ ቀለም ሳይለይ ለወንዶች ድምፅ የመስጠት መብት ተደነገገ። ትናንት የተሸጡና የተለወጡ ሰዎች የምርጫ ካርድ ይዘው ተሰለፉ። በ1870 ሂራም ሬቨልስ ከሚሲሲፒ ወደ ላይኛው ምክር ቤት፣ ጆሴፍ ሬይኒ ከሳውዝ ካሮላይና ወደ ታችኛው ምክር ቤት ገቡ። በሳውዝ ካሮላይና የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ከ1868 ጀምሮ ጥቁሮች አብላጫውን ወንበር ያዙ። ከዚያ በኋላ ግድያው፣ ቃጠሎውና የሌሊት ግልቢያው በረታ። በ1876 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ላይ ክርክር ተነሥቶ፣ በ1877 ሄይስ ሥልጣኑን ሲይዝ በደቡብ የቀሩትን መንግሥታት ይጠብቅ የነበረው የፌዴራል ጦር ወደ ሰፈሩ ተመለሰ።

ያሸነፉት ወገኖች ድላቸውን «ሪዲምፕሽን» አሉት፤ ይህም በእኛ ቋንቋ «ቤዛነት» ወይም «መዋጀት» ከማለት በቀር ሌላ አቻ የለውም። ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። በጥንተ ትርጉሙ የተያዘን ወይም የተሸጠን ሰው ዋጋ ከፍሎ ነጻ ማውጣት ማለት ነው። እንግዲህ ነጻ የወጣውን ሰው ድምፅ በጠመንጃ የነጠቁ ሰዎች ራሳቸውን ባሪያ በሚዋጅበት ቃል ጠሩ። ከዚህ የበለጠ የቃል ዝርፊያ ይህ ጸሐፊ አያውቅም። ከሰሜን የመጣውንም ሰው፣ አስተማሪ ይሁን የቀድሞ ወታደር ወይም በእርግጥም ቀማኛ፣ ሳይለዩ «ካርፔትባገር» አሉት፤ ንብረቱን ከምንጣፍ ጨርቅ በተሰፋ ሻንጣ ሸክፎ ለዘረፋ የመጣ መናጢ ማለት ነው። ስድቡ ቀስ በቀስ የታሪክ መጻሕፍት ቃል ሆነ።

ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት አውጥቶ በሕዝብ ዓይን ፊት ያቆመው የዴቪድ ግሪፊዝ ፊልም «የአንድ ሕዝብ ልደት» ነው። በ1915 የታየው ይህ ፊልም የተመሠረተው ቶማስ ዲክሰን በ1905 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ሲሆን፣ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ታይቷል። በመካከሉ የሚነበቡት ጽሑፎች አንዳንዶቹ ዊልሰን ራሳቸው ከጻፉት የአሜሪካ ታሪክ የተወሰዱ ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱ የገዛ ቃላቸውን በሸራ ላይ አነበቡ ማለት ነው።

ስለ ፊልሙ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ይዘቱ ክፉ፣ ጥበቡ ታላቅ» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው። ጥበብ እንዳለበት አልክድም። የተሸነፈው ወታደር ወደ ፈረሰ ቤቱ ሲመለስ በበሩ ውስጥ የእናቱ ክንድ ብቻ ወጥቶ ወደ ውስጥ ሲስበው፣ ፊቷን ሳናይ ሐዘኗን እናያለን፤ ይህን ያህል ቁጥብነት በዚያ ዘመን ፊልም ውስጥ ማግኘት አስደናቂ ነው። ነገር ግን ወደ ፍጻሜው እንምጣ። በአንድ ወገን የተከበቡ ነጮች በጠባብ ጎጆ ውስጥ ይጨነቃሉ፤ በሌላ ወገን ነጭ ጭምብል የለበሱ ፈረሰኞች ይጋልባሉ። ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው እየፈጠነ ይመላለሳል። ተመልካቹ ወደደም ጠላም ፈረሶቹ በቶሎ እንዲደርሱ መመኘት ይጀምራል። ምኞቱን የፈጠረው የትዕይንቶቹ አቆራረጥ ነው። እንግዲህ ጥበቡ ራሱ ክርክሩ ስለሆነ፣ ቅርጹን ከይዘቱ ለይቶ ማመስገን ሰይፉን ከስለቱ ለይቶ እንደ ማመስገን ይሆናል።

የሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት ትዕይንት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ጥቁር እንደራሴዎች ባዶ እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው ይጠጣሉ፣ ይበላሉ። ያ ምክር ቤት ስለ ሕዝብ ትምህርት ቤትና ስለ ግብር የተነጋገረው ነገር በሸራው ላይ የለም። ፊልሙ በወጣበት ዓመት፣ በጆርጂያ በሚገኘው የስቶን ተራራ ላይ ኩ ክለክስ ክላን እንደገና ተመሠረተ።

ለዚህ ሁሉ ትልቁ መልስ የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ በ1935 «ጥቁር ዳግም ግንባታ በአሜሪካ» የተሰኘውን ከሰባት መቶ ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ አሳተመ። በመግቢያው ላይ ጥቁሮችን እንደ ማንኛውም ሰው ቈጥሮ እንደሚጽፍ፣ በዚህም የተነሣ አንባቢው እንደሚያንስበት ያሳስባል። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዊልያም ዳኒንግ ዙሪያ የተሰበሰቡትን የታሪክ ሊቃውንት ጨምሮ የዘመኑን ታሪክ ጸሐፊዎች አንድ በአንድ ይሞግታል። የመጽሐፉ ትልቅ ሥራ የታሪኩን ባለቤት መለወጡ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጥቁሩ የሚፈራ ወይም የሚሳቅበት ነገር ነበረ፤ እዚህ ግን ይሠራል፣ ያስባል፣ ይሳሳታል፣ ሕግ ያወጣል።

ይህ ሲባል መጽሐፉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ባሮቹ እርሻውን ጥለው ወደ ሰሜኑ ጦር መሄዳቸውን ዱ ቦይስ «አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ» ይለዋል። ይህ ቃል ኃይል አለው፤ የሚሸሽ ሰው የመሰለንን የሚወስን ሰው አድርጎ ያሳየናል። ሆኖም አድማ የጋራ ምክርና የጋራ ቀን ይፈልጋል፤ እነዚህ ሰዎች ግን በየሌሊቱ፣ በየቤተሰቡ፣ ውሻ እያሳደዳቸው ነበር የሄዱት። ቃሉ ከድርጊቱ ይሰፋል ብዬ አምናለሁ። ደራሲው ቃል መመዘን ተስኖት አይደለም። ስለ ሳውዝ ካሮላይና ወዛደር የጻፈውን ምዕራፍ በመጀመሪያ «አምባገነንነት» የሚል ቃል ጨምሮበት እንደ ነበርና፣ ትክክል አለመሆኑ ሲነገረው እንዳነሣው በግርጌ ማስታወሻ ራሱ ይናዘዛል። ለአንዱ ቃል ያደረገውን ጥንቃቄ ለሌላው ቢያደርግ መልካም ነበር።

የቃላቱ ጠብ በመጻሕፍት ብቻ ቀርቶ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ። በ1873 በሉዊዚያና በኮልፋክስ ከተማ በአንድ የፋሲካ እሑድ ብዙ ጥቁሮች፣ እጃቸውን የሰጡት ጭምር፣ ተገደሉ። በ1950 በዚያ ስፍራ የቆመው ሰሌዳ ግድያውን «ረብሻ» ይለዋል፤ የሻንጣ ለባሾቹ ብልሹ አገዛዝ ያከተመበት ቀን ነው እያለም ያወድሰዋል። የቆመው ከዱ ቦይስ መጽሐፍ ዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነበር። የተነቀለው ደግሞ በ2021 ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ቀርቶኛል። ዱ ቦይስ በ1909 ስለዚሁ ዘመን ለአሜሪካ የታሪክ ማኅበር ያቀረበው ጥናት በ1910 በማኅበሩ መጽሔት ሲታተም፣ የሕዝቡ መጠሪያ በትልቅ ፊደል እንዲጀምር ጠይቆ ነበር፤ አዘጋጁ አልፈቀደም። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ሀ» ለንጉሡም ለባሪያውም ያው «ሀ» ነው። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ አንድ ቀን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው፣ በዚያች አንዲት ፊደል ላይ የተደረገውን ትግል አንባቢው እንዲያየው ሌላ ብልሃት መፈለግ ይኖርበታል።