ስለ «ኪኖሊኔት ሠሪ» አሰያየም

በምሥራቅ ጎጃም ሮብ ገበያ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ የገበያውን ቀን ይነግረናል እንጂ ምን እንደሚሸጥበት አይነግረንም፤ በዚህም የሚከፋ ሰው የለም። የኢንዛይም ስም ግን ይህን ያህል ነፃነት የለውም። ሥራውን እናገራለሁ ብሎ የተነሣ ስም ስለሆነ፣ የተናገረው ሐሰት ሲሆን አንባቢውን ያሳስታል።

ይህን ያነሣነው በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ «ኪኖሊኔት ሠሪ እርሾ» የሚል ስያሜ ስላገኘን ነው። ረቂቁ ስያሜውን ለባክቴሪያውም ለአጥቢ እንስሳውም ኢንዛይም ያለ ልዩነት ሰጥቶታል።

በ«እርሾ» እንጀምር። ተርጓሚው መነሻ አላጣም፤ «ኢንዛይም» ራሱ ከግሪክኛ «በእርሾ ውስጥ» ከሚል ሐረግ የወጣ ነው። ነገር ግን በሮብ ገበያ ሊጥ የምታቦካ ሴት እርሾ የምትለው ካለፈው ቡኮ ያስቀረችውን፣ ሕያዋን ደቂቅ ተሕዋስያን ያሉበትን ፈሳሽ ነው። ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 ከቢራ እርሾ የተጨመቀ፣ ሕያው ሕዋስ የሌለበት ውሃ ስኳርን እንደሚያብላላ ካሳየ ወዲህ፣ ሕያው ተሕዋሲና ኢንዛይም ተለያይተዋል። የተለያዩትን በአንድ ቃል መልሶ ማሰር አይገባም፤ «ኢንዛይም» እንዳለ ይቆይ።

ከዚህ የሚብሰው «ሠሪ» ነው። እንደ ኢ. ኮላይ ባለ ባክቴሪያ ውስጥ የኪኖሊኔት መነሻ አስፓርቴት ነው። አስፓርቴት ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ይህን ወደ ኢሚኖአስፓርቴት ይለውጣል፤ ሁለተኛው ኢንዛይም ከዳይሃይድሮክሲአሴቶን ፎስፌት ጋር አጣምሮ ኪኖሊኔትን ያወጣል። ይህን ሁለተኛውን «ሠሪ» ብንለው እውነት ነው። በአጥቢዎች ጉበት ግን መነሻው ትሪፕቶፋን ነው። የመጨረሻው ኢንዛይም፣ 3-ሃይድሮክሲአንትራኒሌት ኦክሲጅኔዝ፣ ቀለበቱን በኦክሲጅን ከፍቶ ይተወዋል፤ የተከፈተው ውሁድ ማንም ኢንዛይም ሳይነካው በራሱ ታጥፎ ኪኖሊኔት ይሆናል። እዚህ ላይ ሠሪ የለም።

ነገሩ የቃል ጣጣ ብቻ አይደለም። ያ ውሁድ በራሱ ከመታጠፉ በፊት ሌላ ኢንዛይም ቀድሞ ወደ ሌላ መንገድ ሊወስደው ይችላል፤ ትሪፕቶፋን የኒያሲንን ጉድለት ምን ያህል እንደሚሸፍን በከፊል የሚወስነው ይህ ሽሚያ ነው። በቆሎ ብቻ በሚመገብ ሕዝብ ላይ ፔላግራ ለምን እንደሚወርድ የሚያስተምር መምህር «ሠሪ» የሚለውን አምኖ ቢነሣ፣ ሽሚያው ጨርሶ አይታየውም።

ስለዚህ «ኪኖሊኔት ሠሪ ኢንዛይም» ለባክቴሪያው ብቻ ይሁን፤ የአጥቢው ከሚነካው ውሁድ ተነሥቶ «3-ሃይድሮክሲአንትራኒሌት ኦክሲጅን ጨማሪ ኢንዛይም» ይባል። ረዘመ የሚል ተርጓሚ አንድ ጊዜ ሙሉውን ከጻፈ በኋላ «ኦክሲጅን ጨማሪው» ብሎ ሊያሳጥር ይችላል።