ባሉጥና ጥድ፦ የካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽን ዛፎች እንዴት እናንብብ?

ስለ ጀርመናዊው የሮማንቲክ ዘመን ሠዓሊ ስለ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ (1774–1840 እ.ኤ.አ.) የጻፉ በርካታ ሐያስያን የዛፎቹን ምስጢር በአንድ ቁልፍ ሊከፍቱ ይሞክራሉ። ቅጠሉ የረገፈው ባሉጥ ያለፈው አረማዊ ዘመን ነው፤ ክረምት ከበጋ የማይጠወልገው ጥድ የክርስቲያን ተስፋ ነው ይሉናል። ሄልሙት በርሽ-ዙፓን ከባልደረባው ጋር በ1973 ያሳተመው የሥዕሎቹ መዝገብ ይህን ንባብ አጽንቶታል።

ንባቡ መሠረት የለውም አንልም። ሠዓሊው ራሱ ስለ «መስቀል በተራራ ላይ» (1808) ሲያብራራ፣ በመስቀሉ ዙሪያ የቆሙትን ጥዶች ከሰው ልጅ ተስፋ ጋር አመሳስሏቸዋል። ለንደን በሚገኘው «የክረምት ገጽታ» (1811) ደግሞ ምርኩዞቹን በረዶው ላይ የጣለ ሰው በጥዶች መካከል ባለ መስቀል ፊት ይጸልያል። ጥድን ከደብር ዐጸድ ጋር አስተሳስሮ ላደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ፍቺ ማስረጃም የሚያሻው አይመስልም። መጠንቀቅ የሚገባንም ስለዚህ ነው።

ናፖሊዮን በላይፕሲግ በተሸነፈ ማግሥት፣ በ1814፣ ለእይታ የቀረበውን «ወታደሩ በጫካ» እንመልከት። አንድ ፈረንሣዊ ወታደር ብቻውን በበረዶ ላይ ቆሞ ከጥቅጥቅ ጥድ ጋር ተፋጥጧል፤ ከኋላው በተቆረጠ ግንድ ላይ ቁራ ተቀምጧል። ጥዱ እዚህ መውጫ የሌለው ግድግዳ ነው። ተስፋ ነው ከተባለም፣ የአንዱ ተስፋ የሌላው ሞት መሆኑን መቀበል ግድ ይላል።

ባሉጡም እንዲሁ ነው። በርሊን ባለው «ብቸኛው ዛፍ» (1822) የባሉጡ አናት ደርቋል፤ የታች ቅርንጫፎቹ ግን ለምልመዋል። እረኛው ግንዱን ተደግፎ ቆሟል፤ በጎቹም በአቅራቢያው ይግጣሉ። ያለፈ ዘመን ምልክት ነው የተባለው ዛፍ ሕያዋንን አስጠልሏል።

ክርክሩ የቤተ መዘክር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው የአገሩ ወዳጅ እንደ ነበር አይካድም። ናዚዎች ግን የዘራቸው መንፈስ ሠዓሊ አድርገው ወሰዱት፤ በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክም ለባለ ወርቅ አሸናፊዎች የባሉጥ ችግኝ አደሉ። ይህን ከኋለኞቹ ሊቃውንት ንባብ ጋር አንድ ማድረግ ግፍ ነው። ሆኖም ሁለቱ የሚጋሩት አንድ እምነት አለ፤ አንድ ዛፍ አንድ ፍቺ ብቻ አለው የሚል። እንዲህ ያለ ፍቺ ደግሞ ኃይል ላለው ሁሉ ይመቻል።

እዚህ ያየናቸው ዛፎች ግን በጥላቸው ሥር ወይም በፊታቸው የቆመ ሰው አላቸው። ትርጓሜው መጀመር ያለበት ከእርሱ ነው።