ቱናር፦ ስም አውጪው ፋይል አስተዳዳሪ

ከደብረ ታቦር ገሳይ ሄዶ ሠርግ ያነሳ ፎቶ አንሺ፣ ሲመለስ የሚጠብቀው ቁጥር ብቻ የተጻፈበት የፋይል ክምር ነው። ለእነዚህ ሁሉ ስም ለማውጣት ቱናርን የሚያህል አላየሁም። በሊኑክስ ላይ የሚሠራው የኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ፋይል አስተዳዳሪ ነው፤ በነጻ ይገኛል፣ ኮዱም ክፍት ነው። ቤኔዲክት ሞይረር የጀመረው ይህ ፕሮግራም በ2007 እ.ኤ.አ. ከኤክስኤፍሲኢ 4.4 ጋር ወጣ።

ፎቶዎቹን በሙሉ መርጦ ኤፍ2ን መጫን ነው። አሮጌው ስምና አዲሱ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይታያሉ፤ «ሠርግ ገሳይ 001» እያለ በአማርኛ ይቀጥላል። ባለቤቱ እሺ ካላለ አንድም ስም አይነካም። ይህን ጨዋነቱን እወድለታለሁ።

ፍለጋው ላይ ግን ቅር ይለኛል፦ በ«ሠ» የተቀመጠውን በ«ሰ» ቢፈልጉት አይገኝም። የእኛን የፊደል ጣጣ እሱ ምን ያድርገው!

አቅመ ደካማ ኮምፒውተር ላይም ቶሎ ይከፈታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዕትም 4.18 ወዲህ ደግሞ ኤፍ3 ሲጫን መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ባንዱ ወገን የካሜራው ካርድ፣ በሌላው ሃርድ ዲስኩ። በስህተት ወደማይሆን ፎልደር የገባውንም በኮንትሮል ዜድ ይመልሱታል።