ሺህ መደብ

ቄራ ላደገ ሰው ቅርጫን ማንም አያስተምረውም፤ እያየ ነው የሚያድገው። በዓል ሲደርስ ጎረቤት ገንዘብ ያዋጣል፣ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ሥጋው በየመደቡ ይደለደላል። ከሻኛው፣ ከዳቢቱ፣ ከፍሪምባው፣ ከሽንጡ ለሁሉም መደብ ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ቢላዋ የያዘው ሰውዬ የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ማዳላት ለራሱም አያዋጣውም። ምህንድስና ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ከዚህ የሚበልጥ የማካፈያ አልጎሪዝም እስካሁን አልገጠመኝም።

ሰሞኑን ሌላ ዓይነት ቅርጫ ሳነብ ከረምኩ። የውክፔዲያ በጎ ፈቃደኞች በየትኛውም ቋንቋ ያለ ውክፔዲያ ሊኖሩት ይገባል የሚሏቸውን 1,000 ርዕሶች ዘርዝረው አስቀምጠዋል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ደግሞ ለብቻው በ5 እርከን የተደረደረ ዝርዝር አለው፦ 10፣ 100፣ 1,000፣ 10,000፣ 50,000። ከላይ ያሉት አሥሩ ሰው፣ ምድር፣ ሕይወት፣ ሒሳብ፣ ፍልስፍና እያሉ የሚሄዱ ናቸው። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው የለም። ማንም ሰው ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ቦታው ከሞላ ግን አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት የግድ ነው። ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሲሸነፉ ከወራት በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ።

እውነቱን ለመናገር ይህን ነገር ወድጄዋለሁ። «ሁሉም ነገር አጣዳፊ ነው» የሚል አለቃ ኖሮት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደወደድኩት ይገባዋል። ቁጥሩ ሲገደብ ሰው መዋሸት ያቅተዋል። «ይኼ አስፈላጊ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ «ይኼ ከዚያኛው ይበልጣል» ማለት ግን ፊት ለፊት መቆም ይጠይቃል።

የሺሁን ዝርዝር ስከፍት መጀመሪያ የፈለግኩት፣ ያው ሐበሻ ነኝና፣ የኛን ነገር ነው። እኔ ባየሁት ጊዜ ቡና ነበረ። ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ ነበሩ። ከብትም ነበረ፤ ቄራ ተወከለ ማለት ነው። ጤፍ ግን የለም።

ተናደድኩ። ሳስበው ግን ንዴቱ ቀዝቀዝ አለልኝ። እያንዳንዱ አገር የራሱን እህል ላስገባ ቢል ዝርዝሩ የእህል ጎተራ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ «ጤፍ ይግባልን» የሚል አቤቱታ አይደለም። እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ዝርዝር መለኪያ ሲሆን የሚመጣው ነገር ነው።

መለኪያው እንዲህ ይሠራል። በእነዚያ 1,000 ርዕሶች የየቋንቋው ውክፔዲያ ነጥብ ይሰጠዋል። ገጹ ከሌለ 0። ካለና ከ10,000 ፊደል በታች ከሆነ 1። ከ10,000 እስከ 30,000 ከሆነ 4። ከዚያ ካለፈ 9። የቋንቋዎች ጽሑፍ እኩል ስለማይረዝም ለየቋንቋው ማስተካከያ ይባዛበታል፤ እኛ «በ» ብለን በአንድ ፊደል የምንጽፈው በላቲን ሁለት ፊደል ይፈጃልና ይኼ ለኛ ደግ ነው።

አሁን እንደ ኮድ ጸሐፊ አስቡት። ባዶ ቦታ ላይ «ፊዚክስ የሳይንስ ዘርፍ ነው» ብዬ ብሄድ 1 ነጥብ አገኘሁ። ሌላ ሰው ወር ሙሉ ተቀምጦ፣ ምሳሌ ፈልጎ፣ የቃል ፍቺ መርጦ፣ ማስተካከያው ተጨምሮበት 9,000 ፊደል የሚሞላ ገጽ ቢጽፍ እሱም ያገኘው 1 ነው። ሺሁንም ርዕስ በአንድ አንድ መስመር የሞላ ውክፔዲያ ከ100 ወደ 11 ነጥብ ይይዛል፤ አንድ ልጅ እንኳ ምንም ሳይማርበት። በሥራችን እንዲህ ያለውን መለኪያ እናውቀዋለን፦ ሰው ሥራውን ትቶ ቁጥሩን መሥራት ይጀምራል።

የአማርኛው ውክፔዲያ ወደ 15,000 ገጾች አሉት፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። ከኛዎቹ ብዙዎቹ ከአንድና ከሁለት መስመር አያልፉም። በመሀላቸው ግን አንድ ለየት ያለ ክምር አለ፤ ተረትና ምሳሌ። አንዱ ምሳሌ ለብቻው ገጽ ተከፍቶለት፣ የአማርኛ ምሳሌ መሆኑ ተነግሮ ይቀመጣል። ትርጉም የተጻፈለትም አለ፣ ያልተጻፈለትም አለ። ከግርጌው «መደብ፦ ተረትና ምሳሌ» ይላል። መደብ! የቅርጫው ቃል ራሱ።

ጓደኞቼ በነዚህ ገጾች ይስቃሉ፤ «ኢንሳይክሎፒዲያ ነው ወይስ የሥነ ቃል ደብተር?» ይላሉ። እኔ አልስቅም። ገጾቹን የከፈቱት ሰዎች ድምፅ ሳይሰጡ፣ ኮታ ሳይጠይቁ፣ «ለኛ የቱ ይበልጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። ይህን ነገር እኛ ካልጻፍነው ሌላ ማንም አይጽፈውም ብለዋል። በሺሁ ዝርዝር ሚዛን የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ 0 ነው። ይኼ ትክክል አይደለም።

ግን ላሞግሳቸውም ብቻ አልፈልግም። ምሳሌው መቼ እንደሚባል፣ ማን ለማን እንደሚለው፣ ስድብ ይሁን ምክር ካልተጻፈ ያገር ልጅ ያልሆነ አንባቢ ምንም አያገኝም። ያገር ልጅ ደግሞ ድሮም ያውቀዋል። ምርጫቸው ትክክል ነው፤ ሥራው ግን ገና ግማሽ ነው።

ዝርዝሩም ትክክል የሆነበት ቦታ አለ። ወባ እዚያ ላይ አለ። ሳንባ ነቀርሳም አለ። እንግሊዝኛ አንብቤ የምረዳ እኔ ስለ ወባ በአማርኛ ባይጻፍ አልጎዳም። አማርኛ ብቻ የምታነብ አክስቴ ግን ትጎዳለች። «የፈረንጅ ዝርዝር ነው» ብለን ብንጥለው ከእሷ መደብ ላይ ነው የምንቆርጠው።

ስለ ቄራ ራሴ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። የሰፈራችን ልኳንዳ ባለቤት ዘንድ ሄጄ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና የሥጋውን ስም አስቆጠርኳቸው፤ ወርች፣ ጎድን፣ ታላቅ፣ ታናሽ። የቱ ለጥሬ፣ የቱ ለወጥ፣ የቱ ለቋንጣ እንደሚሆን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይኼን ውክፔዲያ ላይ ለማስገባት የታተመ ምንጭ ያስፈልጋል» አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት የቆረጥኩበት እጄ ምንጭ አይሆንም ልጄ?»

አይሆንም። ደንቡ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለ፤ ያለ ምንጭ ሁሉም የፈለገውን ይጽፋል። ብዙ እውቀቱን በአፍ የያዘ ሕዝብ ግን በዚህ በር ሲገባ ባዶ እጁን ይሆናል።

የታተመ ምንጭ የለም ማለቴም አይደለም። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ በ5 ቅጾች ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እዚያ ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር ቦታ አትሻማም፤ መጽሐፉ በሙሉ ስለዚህ አካባቢ ነው። የመረጡት በጎ ፈቃደኞች ሳይሆኑ ምሁራን ናቸው፣ ምርጫቸውም ጥልቅ ነው። ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚገኘውም በአብዛኛው በቤተ መጻሕፍት ነው። አክስቴ እዚያም የለችም።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ የጎደለው ታየኝ። አንዱ ለዓለም ምን ይበጃል ይላል፤ ሌላው ስለ ኢትዮጵያ ምን መታወቅ አለበት ይላል። «ይኼ በአማርኛ ባይጻፍ ማን ባዶውን ይቀራል?» ብሎ የሚጀምር ዝርዝር ግን አላየሁም። በዚህ ጥያቄ ወባም ይገባል፣ የታላቅና የታናሽ ልዩነትም ይገባል፤ ወባው አማርኛ ብቻ ለሚያነበው፣ የሥጋው ስም ነገ ለሚወለደው። «ፊዚክስ የሳይንስ ዘርፍ ነው» የሚለው ብቸኛ መስመር ግን አይገባም፤ እሱን አንብቦ የጠገበ የለምና።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ማንም ሰፍሮ አይሰጠንም። ሺሁን ርዕስ የሚከራከሩት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ቁጭ ብለው ጊዜያቸውን ያዋጡ ናቸው። ቅርጫ ላይ ደግሞ ያላዋጣ ሰው መደቤ አነሰ ብሎ አይጮህም። እኔም እስካሁን ካላዋጡት ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት የወባን ጽሑፍ ጀምሬያለሁ፤ ስለ ትንኟ ገና ሁለት አንቀጽ ነው የጻፍኩት። የጋሼ ድምፅ ስልኬ ውስጥ ነው። የት እንደማስቀምጠው እስካሁን አልወሰንኩም።